ከእስከዳር በር ላይ የጠፋው መስታወት

ዓርብ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሳ፣ እማማ አመተ ማርያም ደባርቅ ባለው የልጃቸው ቤት የፊት በሩን ሊከፍቱ ቀረብ ሲሉ መስታወቱ የለም። በሩ አለ፣ መቀርቀሪያው አለ፣ ቁልፉም አልተነካም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩ በዓይን ትክክል ተቆርጦ የገባው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እየመጣ በጣቱ ሲነካካው ያመሸው መስታወት ብቻ ተነቅሎ ሄዷል። በቀዳዳው ላይ በሥርዓት ታጥፎ የተወተፈ የማዳበሪያ ከረጢት ተተክቷል።

እማማ ጮኹ። ከአራስ ቤት ጩኸት ሲሰማ ሰው ጫማ አይመርጥም፤ ግማሹ ሰፈር በግራና በቀኝ የተለያየ ጫማ አድርጎ ደረሰ። ፖሊስም ደረሰ።

ቤቱ የእስከዳር ነው። ባሏ ሻረው የፓርክ ስካውት በመሆኑ ከቤቱ ይልቅ ፓርኩ ውስጥ፣ ጨነቅ ካምፕ የሚያድርበት ጊዜ ይበልጣል። ወንድ ልጅ ከተወለደለት ወዲህ ሐሳብ ገብቶት፣ ማን እንደሚያንኳኳ ሳይታይ በር እንዳይከፈት ብሎ በድፍኑ የእንጨት በር ላይ መስታወት ያስገባው እሱ ነው። ይኸውና አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አልዋለም።

ኢንስፔክተር ጽጌሬዳ ከጎንደር ተዛውራ የመጣች መርማሪ ናት። ደባርቅን ትወዳለች፤ ብርዱን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት ደርባ በሩ ፊት ቆመችና ከረጢቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

“ይህን ማን ወተፈው?” አለች።

“ሌባው ነዋ፣” አለ ሳጅን ገዱ። ገዱ ፈጣን ፖሊስ ነው። አንዳንዴ ከወንጀሉም ይቀድማል።

“ለምን ይወትፈዋል?”

“ብርድ እንዳይገባ።”

“ለማን አስቦ?”

ገዱ ከረጢቱን እንደገና አየው።

“በሥራ ዘመኔ አራስ ብርድ እንዳይመታት የሚጠነቀቅ ሌባ አላጋጠመኝም፣” አለች ኢንስፔክተሯ። ጎንበስ ብላም ከመድረኩ ሥር አንድ ነገር አነሳች። መስታወቱን ይዘው የነበሩት አራት ስስ ጣውላዎች ናቸው። ምስማሮቻቸው በወረቀት ተጠቅልለው፣ ሁሉም ባንድነት በቀይ ክር ታስረዋል።

ገዱ ግን ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። “ኢንስፔክተር፣ የምስማሩን ቀዳዳ ይመልከቱ። ጣውላዎቹ የተቸነከሩት ከውጭ ነው። መስታወት ሁልጊዜ የሚቸነከረው ከውስጥ ነው፤ ሌባ እንዳይነቅለው። ከውጭ የቸነከረ ሰው ቢላ ይዞ መመለስ ብቻ ነው የሚቀረው።”

“ማን ነው የገጠመው?”

“ዲያቆን ፀጋው ነው፣” አለ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ።

ኢንስፔክተሯ “ቆይ” ለማለት አፏን ስትከፍት ሳጅን ገዱ መታጠፊያውን አልፎ ነበር።

*

እሷ ወደ ቤት ገባች። እስከዳር አልጋዋ ላይ ተደግፋ ሕፃኑን ታጠባለች። ቤቱ ጭር ያለ ነው፤ ወንበር የለ፣ አግዳሚ የለ፣ ጓዳው በርሜልም ድስትም አይታይበትም።

“ሌባው ወንበሩንም ወስዶታል እንዴ?”

እስከዳር ሳቀች። “ኧረ እሱስ ለሠርግ ሄዶ ነው። የሺወርቅ እሑድ ልጇን ኮከብን ትድራለች። ዕቃችን ሁሉ እዚያ ነው። እኔ ከአልጋ አልወርድ፣ ምን ያደርግልኛል? ‘ቤቱ ቤትሽ ነው፣ የፈለግሽውን ውሰጂ’ ብያታለሁ። ይቅርታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ።”

“ሙሽራው ማን ነው?”

“ፀጋው ነዋ። መስታወቱን የገጠመልኝ ልጅ።” ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። “እሱን ጠርጥራችሁት እንዳይሆን። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን አያውቋቸውም፣ የኮከብን አባት። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መልሰው በመከራ ነው እሺ ያሉት። ሌባ የሚል ነገር በጆሯቸው ከገባ ሠርጉ የለም።”

ኢንስፔክተሯ ገዱ ልጁን ይዞ በዋናው መንገድ እየሄደ እንደሆነ አሰበች። መሪጌታ ቀርቶ ከተማው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

“እርስዎስ እማማ? መስታወቱን ይወዱት ነበር?”

እማማ አመተ ማርያም ከጃናሞራ ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። “ምኑን እወደዋለሁ? አራስና ሕፃን በተኙበት መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይይ? የሰው ዓይን መቼ ይታመናል? ነጠላዬን አንስቼ ከውስጥ ጋረድኩበት።”

“እንግዲያው እርስዎም ተጠርጣሪ ነዎት።”

“ልሁና። ግን ማታ ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ባይ፣ የማልፈልጋት ሴት ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ለእስከዳር ‘ተኝታለች በያት’ ብዬ ለመጋደም ጊዜ አገኘሁ። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጥቅም ያለው ነገር መሆኑን ማን ነገረኝ? ከዚያ ወዲህ ወድጄዋለሁ።”

“ሊነጋ ሲል የሰሙት ድምፅ የለም?”

“ሰምቻለሁ እንጂ። ውዳሴ ማርያሜን ስደግም በሩ ላይ ከርከር፣ ከርከር ይላል።”

“ወጥተው አላዩም?”

እማማ ኢንስፔክተሯን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። “ጸሎቴን አቋርጬ ሌባ ላናግር?”

*

ፀጋው ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩ ላይ የመጋዝ ዱቄት እንዳለ ነው። ለቅስና የሚጠበቅ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ከምላሱ የሚፈጥን ልጅ ነው። ለእንዲህ ያለ ዲያቆን የእሑዱ ተክሊል ድግስ ብቻ አይደለም፤ ቅስናውም፣ ስሙም፣ ትዳሩም እሱ ላይ ቆሟል።

“ተናዟል፣” አለ ገዱ።

“ምን ብሎ?”

“ከውጭ የቸነከርኩት እኔ ነኝ ብሎ።”

“ለምን ብለህ ጠየቅኸው?”

ገዱ አልጠየቀም ነበር። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ለምን ከውጭ?”

“አራስ ቤት ነው እኮ እትዬ፣” አለ ፀጋው፣ ጥያቄው እየገረመው። “ሕፃኑ ክርስትና አልተነሳም። እኔ ነገም እሑድም ቅዳሴ አለብኝ። አራስ ቤት ገብቼ እንዴት መቅደስ እገባለሁ?”

“በሩን ነቅለህ ደጅ አትሠራውም ነበር?”

“በዚህ ውርጭ? አራሷስ? እማማ በሩን ከውስጥ ዘግተው ያዙልኝ፤ እኔ ደጅ ቆሜ ቆረጥኩት። ጠርዙን ከውጭ በኩል በመሮ ዝቅ አደረግሁት፣ መስታወቱ እዚያ ላይ ተቀመጠ። ቤቱ ጸበል ሲረጭ ገብቼ ወደ ውስጥ ላዞረው ነበር ሐሳቤ።”

ጽጌሬዳ በልቧ ራሷን ወቀሰች። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ነገር ነው ፀጋው የነገራት። ግን የፖሊስ ካፖርት ለብሰው ሲያስቡት ሁሉም ነገር ወንጀል ይመስላል።

“እንግዲህ ማንም ሊነቅለው ይችል ነበር ማለት ነው፣” አለ ገዱ ቅር ብሎት።

“አንተንም ጨምሮ፣” አለችው። ወደ ፀጋው ዞረች። “ዛሬ ሊነጋ ሲል የት ነበርክ?”

“ኪዳን።”

“የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ኪዳኑ ሊያልቅ ሲል ነው የደረሰው ይላል፣” አለ ገዱ።

ፀጋው ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተከለ። ጆሮው ግን ቀላ።

“ልጄ፣ ካልነገርከኝ ልረዳህ አልችልም። እሑድን አስብ።”

“እሱን ስለማስብ ነው የማልነግርዎት፣” አለ።

በዚህ መሃል መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ፀጋውን ቆመው አዩት እንጂ ሰላም አላሉትም።

“ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ልጅ ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?”

“ገና እያጣራን ነው መሪጌታ።”

“እኔ ተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ። በፖሊስ ተይዞ በገበያ መሃል ለተነዳ ሰው ልጄን አልሰጥም። እስከ ማምሻው ነጻ መሆኑ ካልታወቀ፣ ተክሊሉ ቀርቷል ብዬ ለደብሩ አስተዳዳሪ እነግራለሁ።” ወጡ። ፀጋው አንገቱን እንደደፋ ቀረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዱ ለልጁ አዘነ።

*

ሳጅን ገዱ ኃጢአቱን በሥራ ሊያስተሰርይ ከተማውን አሰሰ። መጀመሪያ አንድ ምግብ ቤት በሩ ላይ አዲስ መስታወት መግባቱን ሰማ፤ ስቱኮው እንኳ አልደረቀም። ደስ ብሎት ሜትሩን ዘረጋ። መስታወቱ የእስከዳርን በር ሁለት እጥፍ ያህላል። ገዱ ደጋግሞ ለካው፤ ባለቤቱ በመጨረሻ “ሳጅን፣ እያጠርክ ትሄድ እንደሆነ እንጂ እሱ አያጥርም” አለው።

ከዚያ መናኸሪያ ሄደ። ሲመለስ ኢንስፔክተሯን ጸሐይ ፍለጋ ጣቢያው ደጅ ቆማ አገኛት።

“ከከተማው የወጣ መስታወት የለም። የዳባቱ ሚኒባስ ረዳት ዕቃ ሁሉ በእጁ ነው የሚያልፈው፤ አላየሁም አለ። ከማለዳው መኪና ጋር የወጣ ሥዕለ ማርያም ብቻ ነው።”

“የምን ሥዕለ ማርያም?”

“አንዲት እናት በነጭ ጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ነበር አሉ። የፊት ወንበር ተለቀቀላቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ተሳለመው፣ ረዳቱም ሒሳብ አልጠየቀም።”

“ሥዕሉን አይቶታል?”

“ተሸፍኗል እኮ ኢንስፔክተር።”

ጽጌሬዳ ከኪሷ ያን ቀይ ክር አውጥታ በጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችውም። “ና፣ ሠርግ ቤት እንሂድ። መሪጌታን ላነጋግር።”

*

የመሪጌታ ግቢ የሚሆነውን የማያውቅ ይመስላል። ዳሱ ተተክሏል፤ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ አንዷ ስትቀልድ ሌላዋ ትስቃለች። ኮከብ ብቻ ዓይኗ አብጦ በርሜሎቹ አጠገብ ቆማለች። አባቷ ዳሱ ሥር ተቀምጠው ምድር ምድር ያያሉ።

ኢንስፔክተሯ ወደ መሪጌታ እየሄደች በመሃል ቆመች። በአንዱ በርሜል እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል። በሁለቱ ትልልቅ ድስቶች ላይ ቢጫ። አግዳሚው እግር ላይ ቀይ።

“ይሄ ክር ምንድን ነው?”

“የእናቴ ነው፣” አለች ኮከብ። “ለሠርግ የተዋስነው ዕቃ እንዳይቀላቀልባት ለየቤቱ ክር ታስራለች። ቢጫው የእማማ ሰጠኝ ቤት ነው። ቀዩ የእስከዳር።”

ጽጌሬዳ ኪሷ ያለውን ክር አወጣች። ከአግዳሚው ክር ጋር አስተያየችው። አንድ ነው።

“እናትሽ የት ናቸው?”

“ዳባት ናት። ለሠርጉ የሚገዛ ነገር አለኝ ብላ።”

“መቼ ሄዱ?”

“ሊነጋ ሲል። እሷ እንደወጣች ነው ፀጋ...” ኮከብ አፏን ያዘች። ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቢላቸውን አቆሙ። መሪጌታ ቀና አሉ።

ኮከብ አባቷን አየቻቸው፣ ከዚያ ኢንስፔክተሯን። ስትፈራ ከቆየች በኋላ ፍርሃቱ ሰለቻት መሰለኝ፣ ድምፅዋ ጠራ። “ይሰማ እንግዲህ። መስታወት ተሰረቀ በተባለበት ሰዓት ፀጋው ከእኔ ጋር ነበር። እሱ በአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆኜ። ለእኔ ስም ብሎ ነው ዝም ያለው።”

“በአጥር ቆሞ ምን ይልሻል?” አሉ መሪጌታ።

“‘ብርድ ነው፣ ግቢ’ አለኝ።”

“ይህን ለማለት ነው ኪዳኑ ያለፈው?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“አልገባም ያልኩት እኔ ነኝ፣” አለች ኮከብ፤ እንባዋ መጣ። “ደጋግሞ ነገረኝ።”

ሴቶቹ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልቻሉም። መሪጌታ ለመቆጣት መቋሚያቸውን አነሱ። ልክ በዚያች ቅጽበት ባጃጅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ወይዘሮ የሺወርቅ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ። አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ አማተበች።

“ኧረ አታማትቡ በእናታችሁ፣” አሉ የሺወርቅ። “ከማለዳ ጀምሮ ሥዕል አይደለም እያልኩ ደከመኝ። ሰው ለመሳለም ሲያጎነብስ መች ይሰማል?”

ኢንስፔክተሯ ጋቢውን ገለጠች። ልካቸው አንድ የሆነ ሁለት መስታወት። አንዱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

“ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ይህን መስታወት ከየት አመጡት?”

“ከእስከዳር በር ነዋ። ተውሼ።” የሺወርቅ ዙሪያቸውን አዩ፤ የማንም ፊት አላማራቸውም። “ምን ሆናችኋል? ያ ልጅ የሰውን በር ሁሉ መስታወት ሲያደርግ የራሱ በር ድፍን ነው። እሑድ ልጄን ይዞ ሲገባ በሩ አምሮ ይጠብቀው ብዬ ነው። የዳባቱ መስታወት ቆራጭ ደግሞ በክንድ የተለካ አልቆርጥም፣ ናሙና አምጪ ይላል። እስከዳር የፈለግሽውን ውሰጂ ብላኛለች። ሙሉ ቤቷን ሰጥታኝ መስታወቱን ለግማሽ ቀን ትከለክለኛለች?”

“ለምን አላንኳኩም?”

“አራስ በማለዳ ይቀሰቀሳል? ስመለስ እነግራታለሁ አልኩ። ደግሞ ምስማሩ ከውጭ ነው። ሲያሻ እንዲወልቅ ተብሎ የተሠራ ነው የመሰለኝ። ብርድ እንዳይገባባትም ወትፌላታለሁ።”

“ስልክዎስ? ነጋ ካለ በኋላ ደውለው ቢነግሯት...”

“እሱማ ቤት ነው፤ ሙዚቃ ይሰሙበታል።” ከሽንኩርቱ አጠገብ ስልኩ እየዘፈነ ነበር።

ፀጋው መታሰሩን፣ ተክሊሉም ሊቀር እንደሆነ ሲነገራቸው የሺወርቅ በርሜሉ ላይ ዝርፍጥ አሉ። “እኔን እሰሩኝ እንጂ፣” አሉ። ሳጅን ገዱ ካቴናውን ነካ አድርጎ ተወው። የሺወርቅ ወደ ባላቸው ዞሩ። “አንተ ደግሞ ሳትጠይቅ ፈረድክበት? እኔን ለማየት ስትል በአባቴ አጥር ስንት ማለዳ ቆመሃል? ያኔ ዲያቆን አልነበርክም?”

መሪጌታ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ መጀመሪያ ሐፍረት፣ ቀጥሎ ኀዘን። ከዚያ ጥምጣማቸውን ፈትተው ለኮከብ ሰጧት። ለትልቁ ድስት ጉልቻ ከመጡት ድንጋዮች አንዱን አንስተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ።

“መሪጌታ፣ በባጃጅ እንሂድ፣” አለ ገዱ።

“እሱን በእግሩ አይደል የነዳኸው?” አሉት።

*

ከሠርግ ቤት እስከ ጣቢያው ባለው መንገድ ሰው ሥራውን ትቶ ቆመ። ደባርቅ ላይ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ሲሸከም ማየት አዲስ አይደለም፤ አማች ለሙሽራ ሲሸከም ግን ማንም አላየም። ኢንስፔክተር ጽጌሬዳ ከኋላ ትሄዳለች። ሊያግዝ የሚጠጋውን ሁሉ በዓይኗ ትመልሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ብርዱን ረስታዋለች።

ገዱ ሮጦ ቀድሞ ፀጋውን አስወጣው። ልጁ የተፈታ አልመሰለውም፤ እጆቹን አጣምሮ ነበር የወጣው። መሪጌታን ባዶ ራሳቸውን፣ አንገታቸው ተደፍቶ፣ ድንጋይ እንደተሸከሙ ሲያይ ደነገጠ።

“ልጄ፣” አሉ መሪጌታ፣ ቀና ሳይሉ። “መስታወቱን የወሰደችው የሺወርቅ ናት፤ ለአንተው በር ብላ። እኔ ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። በአደባባይ አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ።”

ፀጋው በአንድ እርምጃ ደርሶ ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሳ። ማስቀመጫ አጥቶ እንደታቀፈው ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ የያዘው እንባ አሁን ወረደ። “ኧረ እንዲህ አያድርጉ። እኔ አልተቀየምኩም።”

“ተቀይመሃል። ልክ ነህ።” መሪጌታ ድንጋዩን ከእጁ ተቀብለው መሬት አስቀመጡና ትከሻውን ያዙት። “ስማኝ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መልሻለሁ። በአራተኛው እሺ ያልኩት ሽማግሌዎቹን አፍሬ ነው እንጂ ወድጄ አልነበረም። ዛሬ ግን ራስህን ከማዳን የልጄን ስም ማዳን መረጥክ። አሁን ሽማግሌም ሳይኖር፣ ማንም ሳይለምነኝ፣ ልጄን የምሰጥህ ደስ ብሎኝ ነው።”

ኮከብ የአባቷን ጥምጣም እንደያዘች ከሰዉ መሃል ቆማለች። ፀጋው አያት፣ ቶሎም ዓይኑን መለሰ። ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

“ትናንት እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ፣ አባቴ፣” አለ፣ “አላምንዎትም ነበር።”